መዓዛ ያሳለፈችው አድራሻ

የመዓዛን ሞት የሰማሁት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ፣ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ድሮ አብሮን ይሠራ የነበረው ቴዎድሮስ ደውሎ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ "መዓዛ አረፈች" አለኝ። "መቼ?" ስለው፣ "ዛሬ ሊነጋ ሲል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ራጉኤል ነው" አለኝ። መንገዱ አልከፈት ሲል ለረዳቱ ሂሳቡን ሰጥቼ ወረድኩና በእግሬ ወደ መርካቶ ወጣሁ።

መታመሟን አውቅ ነበር። እየከሳች ሄዳ፣ የአባቷ ጃኬት ትከሻዋ ላይ ተሰቅሎ የተረሳ ልብስ ሲመስል አይቻለሁ። ቢሆንም መዓዛን ሳስብ የምትመጣልኝ የታመመችው አይደለችም። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣ እርሳስ ገልብጣ ይዛ፣ በላጲሱ በኩል ስክሪኑን እየነካካች የምታጉረመርመዋ ናት።

የተዋወቅነው ቀበሌው ለሚሊኒየሙ በዓል ሱቆቻችሁን ቀለም ቀቡ እያለ ሰዉን በሚያስጨንቅበት ዓመት ነው። ሶማሌ ተራ አጠገብ፣ ከታች የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አቶ ጌታሁን የሚባሉ ሰው የዌብሳይት ሥራ ቤት ከፍተው ነበር። አስመጪውም ሆቴሉም "እኛም ኢንተርኔት ላይ አለን" ለማለት ያህል ያሠራ ነበር። እኔ መልኩንና ቀለሙን እሠራለሁ፤ ፕሮግራሙን የምትጽፈው መዓዛ ናት።

የመርካቶ ልጅ ናት። እናቷ እትዬ አስካለ ቅመም ይነግዳሉ። ከእሳቸው ሱቅ የመጣ ቅርንፉድ ሁልጊዜ ጉንጯ ውስጥ አለ። ጥርሴን ስለሚያመኝ ነው ትል ነበር፤ ጥርሱ ከተነቀለ በኋላም አልተወችውም። የሟች አባቷን የቆዳ ጃኬት ክረምት ከበጋ ትለብሳለች። ድምጿ ጎርናና ስለነበር ስልክ ስታነሳ ደንበኞች "ወንድሜ" ይሏታል። አታርማቸውም፤ የሚፈልጉትን ነግራቸው ትዘጋለች።

የእሷ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የምትጨነቅለት ትንሽ ነገር ነበረች። ገጹ ላይ ሰው ስሙን፣ አድራሻውን፣ ኢሜይሉን የሚሞላባቸው ሳጥኖች አሉ። የኢሜይሉን ሳጥን የሚፈትሽ፣ ስክሪፕት የሚባል አጭር ፕሮግራም ትጽፋለች። የስክሪፕቱ ጥቅም ሰውዬው በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ እዚያው መሥራቱ ነው። ያኔ መስመሩ ቀርፋፋ ነበር። አንድ ቅጽ ተልኮ "ተሳስተሃል" ተብሎ እስኪመለስ ሻይ ታዝዞ ይጠጣል። ኢንተርኔት ቤት ደግሞ ሰው የሚከፍለው በደቂቃ ነው። "ስህተቱን እዚያው፣ ሳይልከው እንንገረው" ትል ነበር መዓዛ። ሌላው ፕሮግራመር ለውበት የሚሠራውን እሷ የምትሠራው ለእነዚህ ሰዎች አስባ ነው።

አንድ ቀን ከምሳ ስንመለስ፣ ምድር ቤት ባለው ኢንተርኔት ቤት አንድ ጎልማሳ ነጋዴ እኛው በሠራነው ገጽ ላይ ለመመዝገብ ሲታገል አገኘነው። የኢሜይል አድራሻውን ይጽፋል፣ ይጫናል፣ ቀይ ጽሑፍ ይወጣበታል። አጥፍቶ እንደገና ይጽፋል፤ አሁንም ቀይ። በመጨረሻ "ድሮም ትምህርት ለኔ አልተፈጠረም" ብሎ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። መዓዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የጻፈውን አየችው። አድራሻው ትክክል ነበር። ከመጨረሻው ፊደል በኋላ ባዶ ቦታ ገብቶበታል፤ ስክሪፕቱ ደግሞ ባዶ ቦታ ያለበትን አድራሻ አይቀበልም።

"ባዶ ቦታው ለኔ ነው የሚታየኝ፤ ለሱ አይታየውም" አለች። "የማያየውን ነገር አስተካክል ብዬ ነው ያባረርኩት።"

ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቷ ከአድራሻው ፊትና ኋላ የገባውን ባዶ ቦታ ራሱ ቆርጦ ይጥላል። ነጋዴውን ግን ተራ ለተራ ፈልጋ አላገኘችውም።

ያኔ ብዙው ኮምፒውተር የአማርኛ ፊደል ስላልነበረው በአማርኛ የጻፍነው ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣ ነበር። ስለዚህ የስህተት መልእክቶቹን እንደ ሥዕል አድርጌ እንድሠራቸው አዘዘችኝ። "ልክ ያልሆነ አድራሻ" ብዬ ሠርቼ ባሳያት፣ "ቀበሌ መሰልክ" አለችኝ። "እባክዎ አድራሻውን አንዴ ይዩልን በል። ቀዩንም ተወው።"

በዚያ ሰሞን ነው አንድ ማኅበር ሥራ ይዞ የመጣው። ልባቸውን የታመሙ ልጆችን የሚያክሙ ሐኪሞችን በዓመት አንዴ ከውጭ የሚያስመጣ ማኅበር ነው። የልጆቹ ስምና የሕክምና ወረቀት በድረ ገጹ ይመዘገባል፤ ውጭ ያሉት ሐኪሞች አይተው ይመርጣሉ፤ ለተመረጠው ቤተሰብ በኢሜይል "ልጁን ይዛችሁ በዚህ ቀን ኑ" ይባላል። መዓዛ ይህን ሥራ እንደ ግል ጉዳይ ያዘችው። ገጹ እንዳለቀ መጀመሪያ የነገረችው ለጋሽ ሸምሱ ነው።

ጋሽ ሸምሱ በሕንፃችን ዙሪያ ዕቃ የሚሸከሙ ሰው ናቸው። ከስልጤ አገር ገና በወጣትነታቸው የመጡ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። የኛን ጄኔሬተር ሦስት ፎቅ በጀርባቸው ያወጡት እሳቸው ናቸው። ፎዚያ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለቻቸው። የልቧ በር አይዘጋም ተብሏል፤ ትንሽ ከሄደች ትንፋሽ ያጥራታል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ያስመዝግቧት" አለቻቸው መዓዛ። "ወረቀቱን ይዘው ታች ኢንተርኔት ቤት ይሂዱ፤ እዚያ የምትሠራው ልጅ ትሞላልዎታለች።"

ሄዱ። የኢንተርኔት ቤቷ ልጅ ኢሜይል ከፈተችላቸው፣ ቅጹን ሞላችላቸው፣ ቅጹም ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሸምሱ በየሳምንቱ ከጁምዓ ሲመለሱ ጎራ ብለው "መልእክት መጥቷል?" ይላሉ። ልጅቷ ከፍታ ታያለች። "የለም ጋሼ" ትላቸዋለች። አመስግነው ይሄዳሉ።

ሐኪሞቹ መጡ። ሥራቸውን ጨርሰው መሄዳቸውን በሬዲዮ ሰማን። በማግስቱ ጋሽ ሸምሱ ደረጃውን ወጥተው መጡ። ምንም ሳይሸከሙ ወደ ቢሯችን ሲገቡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

"መዓዛ ልጄ፣ ሐኪሞቹ መጥተው ሄዱ አሉ። የኛን አልፈዋት ይሆን?"

"ቆይ ልይ" አለች። የማኅበሩን መዝገብ ከፈተች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ፎዚያን አገኘቻት። እርሳሱን ገልብጣ በአድራሻው ላይ ፊደል በፊደል መሄድ ጀመረች፣ መጨረሻው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። "ነጥብ ኮም" መሆን ያለበት "ነጥብ ኮን" ተብሏል። በእንግሊዝኛው ገበታ ላይ ሁለቱ ፊደሎች ጎን ለጎን ናቸው፤ የደከመ ጣት አንዱን ሲል ሌላውን ይነካል።

የእሷ ስክሪፕት የሚያየው አድራሻው በትክክለኛ መልክ መጻፉን ነው። ከፊት ስም አለ ወይ፣ መሐል ላይ ያ ክቡ የ@ ምልክት አለ ወይ፣ ነጥብ አለ ወይ፣ ከነጥቡ በኋላ ፊደሎች አሉ ወይ። ሁሉም ነበሩ። ስለዚህ አሳለፈው። ከወዲያ በኩል አድራሻው በእርግጥ ይኑር አይኑር ማወቅ ግን አይችልም።

መዓዛ የማኅበሩን የመልእክት ሳጥን ከፈተች። ለጋሽ ሸምሱ የተላከው ደብዳቤ፣ አድራሻው አልተገኘም ተብሎ በተላከበት ዕለት ተመልሶ መጥቷል። ከፍቶ ያየው ሰው የለም።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ይቀመጡ" አለች።

አልተቀመጡም። "ንገሪኝ።"

"ጠርተዋት ነበር።"

"ፎዚያን?"

"አዎ።"

"ስሟን ጠቅሰው?"

"ስሟን ጠቅሰው።"

የሆነ ነገር ፊታቸውን አበራው፤ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። "እኔ እኮ የድሃ ልጅ ብለው የተዉአት መስሎኝ" አሉ። "ለእናቷ እነግራታለሁ። አልናቋትም እላታለሁ።" ከዚያ ቀስ ብሎ ሌላው ነገር ደረሰባቸው። "ታዲያ ጥሪው የታል?"

"አልደረሰም። አድራሻው ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል።"

"ያቺ ልጅ ናታ" አሉ ወደ ታች እየጠቆሙ።

"እሷ አይደለችም" አለች መዓዛ። "ሰው ሲጽፍ ይሳሳታል። ስህተቱን እንዲይዝ የተቀመጠው የኔ ሥራ ነው። አይቶ አሳልፎታል።"

ጋሽ ሸምሱ ቆመው አዩዋት። የገባቸውና ያልገባቸው እየተፈራረቀ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ደረጃውን ይዘው ወረዱ።

አቶ ጌታሁን ከጓዳቸው ሆነው ሰምተው ኖሮ መጡ። "አንቺ ምን አጠፋሽ?" አሏት። "ዓለም ላይ ያለ ፕሮግራመር ሁሉ የሚጽፈው ይሄንኑ ነው። ስክሪፕት የሚያየው ቅርጹን ነው።"

"እኔም እሱን ነው የምልዎት ጋሼ" አለች። "ቅርጹን ነው ያየሁት።"

በዚያው ሳምንት ስክሪፕቱን እንደ አዲስ ጻፈችው። ኢሜይሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ያስቆማል። መጨረሻው "ኮን" ከሆነ "ኮም ለማለት ፈልገው ይሆን?" ብሎ ይጠይቃል። ይህንንም እኔ በሥዕል ሠራሁት። የጎረቤት ይሁን የሱቅ፣ አንድ ስልክ ቁጥር ግዴታ ሆነ። ከሁሉም በላይ፣ ለተመዝጋቢው የሙከራ መልእክት ይላካል፤ ያንን ከፍቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ ምዝገባው አላለቀም። "እዚህ ያለው ስክሪፕት ብቻውን አይችልም" አለችኝ፤ "ወዲያ ማዶ ሄዶ የሚያንኳኳ ያስፈልጋል።" ማኅበሩ ተስማማ።

ለሐኪሞቹም ጻፈች። ቶሎ መለሱላት፤ አዝነዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ፎዚያ የመጀመሪያዋ ትሆናለች፤ እስከዚያ በመድኃኒት ትቆይ። መዓዛ ከጋሽ ሸምሱ ጋር ሆና ልጅቷን ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት አዞረቻት። አገር ውስጥ የሚያደርጉት ነገር አልነበረም።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ፎዚያ ደረጃ መውጣት ስለማትችል ታች ኢንተርኔት ቤት ተቀመጠች። እኔም ወርጄ ነበር። ቀይ ሻርፕ ያደረገች፣ ዓይኗ የማያርፍ ልጅ ናት። መዓዛ አዲሱን ቅጽ ከፍታ "በይ አታልዪው" አለቻት። ፎዚያ አንድ ጣቷን እያነሳች ያገኘችውን ፊደል ሁሉ ጻፈች፣ ክቡን ምልክት መሐል አስገባች፣ ነጥብ አደረገች፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ፊደል ጨመረች። ያንኑ ከሥር ደገመችው። ሳጥኑ ምንም አላለም፤ ተቀበላት።

ሳቀችና ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። "እትዬ መዓዛ፣ ውሸቴን አመነኝ" አለች።

"አዎ" አለች መዓዛ። "ነገሩ የዋህ ነው።" አብራት ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ፎዚያ የሞተችው በክረምቱ ነው፣ ሐኪሞቹ ከመምጣታቸው በፊት። መዓዛ ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። እኔ ውጭ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ እሷ ወደ ሴቶቹ ገባች። ብዙ አልቆየችም። ስትወጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር፤ ያንን ሁሉ ጭቃ እየረገጠች ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ሀብተ ጊዮርጊስ ስንደርስ ነው። ደግማ አንስታው አታውቅም።

የፎዚያ እናት እትዬ ነፊሳ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ማን ናት ሲሉ ጎረቤት "ኮምፒውተር የምትሠራዋ ናት" አለቻቸው። ቀና ብለው አይተዋት፣ "ፊደሉ የትኛው ነበር?" አሏት።

መዓዛ የፊደሉን ስም ነገረቻቸው።

"አሳዪኝ።"

እስክሪብቶ አውጥታ መዳፏ ላይ ሁለቱንም የእንግሊዝኛ ፊደሎች ጎን ለጎን ጻፈች። እትዬ ነፊሳ እጇን ይዘው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ልዩነቱን አዩት።

"ይቺኛዋ አንድ እግር ጎደላት" አሉ።

"አዎ።"

"በቃ ይሄው ነው?"

"ይሄው ነው፣ እትዬ።"

እጇን ለቀቁት። "ሂጂ ልጄ። አላህ ይይልሽ፣ እኔ አልረግምሽም። ግን ዳግም እዚህ ቤት አትምጪ።"

አልሄደችም። እስክትሞት ድረስ ያንን ሰፈር በሌላ መንገድ ነበር የምትዞረው።

ከዚያ በኋላ የነበረችው መዓዛ ሌላ ሰው ናት። ሥራዋን አልተወችም፤ ውጭ አገር ሥራ አግኝታ ነበር፣ ወደዚያም አልሄደችም፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም። ጠዋት ገብታ ጃኬቷን ሳታወልቅ የማኅበሩን የተመለሱ መልእክቶች ትከፍታለች። የማኅበሩ ሰዎች ፈቅደውላት ነበር። አንድ የተመለሰ ካለ ስልክ ትደውላለች፤ ስልኩ ካልሠራ በቀበሌ በኩል ታፈላልጋለች፤ ካልሆነም ራሷ ትሄዳለች። አቶ ጌታሁን መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ በኋላ ተዉአት።

አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጋ የአንዲት የጉልት ነጋዴ ሕፃን ልጅ አገኘች። ጥሪው ተመልሶ ነበር፤ የተሰጠው የሴትየዋ የወንድም ልጅ ኢሜይል ነበር፣ እሱም ኋላ ዘግቶት ነበር። መዓዛ ዝናብ ለዝናብ ሄዳ ቤታቸውን አገኘችው። ልጁ ታከመ፣ ዳነ። ማኅበሩ ፎቶውን ላከልን። እኔ ደስ ብሎኝ ግድግዳው ላይ ልለጥፈው ስል ተቀበለችኝና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

"ይኸው እኮ አንድ ልጅ ዳነ" አልኳት።

"እሰየው" አለች። "የእናቱ ልጅ ነው። በፎዚያ ቦታ ግን አታስቀምጥልኝ።"

ሊያጽናናት የሞከረን ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የምትመልሰው፤ ሳትቆጣ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። ከጊዜ በኋላ እኛም መሞከር ተውን። ጋሽ ሸምሱ ዕቃ ይዘው ሲወጡ ደረጃው ላይ ይገናኛሉ። "እንደምን አደርሽ" ይሏታል፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?" ትላቸዋለች። ከዚያ ያለፈ ቃል ሲለዋወጡ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ሥራ ቤቱን ለቅቄ ማተሚያ ቤት ገባሁ። እሷ ሆዷን ያማት ጀመር። ጨጓራ ነው ብላ ችላ አለችው፤ ጨጓራ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ልጠይቃት የሄድኩ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ስለ ሥራ ላጫውታት ፈልጌ ዛሬ ዛሬ ብራውዘር የምንላቸው የገጽ መክፈቻዎች ራሳቸው ኢሜይል መፈተሽ ጀምረዋል፣ ስክሪፕት መጻፍም ላያስፈልግ ነው አልኳት። "ቅርጹን ነው?" አለችኝ ሳትዞር። "ቅርጹን ነው" አልኳት።

ያን ዕለት ከሀብተ ጊዮርጊስ በእግሬ ወጥቼ ቤቷ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። የቅመም ነጋዴዎቹ ሱቅ ዘግተው መጥተዋል። እትዬ አስካለ ከለቅሶው መሐል ጠሩኝና፣ አንድ ጥግ ላይ ብቻቸውን ወደ ቆሙ ሽማግሌ እየጠቆሙ፣ "ልጄ፣ እኒያ ሰውዬ ማን ናቸው? ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል፣ ቁጭ ይበሉ ቢባሉም እምቢ አሉ" አሉኝ።

ጋሽ ሸምሱ ነበሩ። ጀርባቸው ጎብጧል፣ ጢማቸው ነጭ ሆኗል።

"የሥራ ቦታዋ ሰው ናቸው" አልኳቸው።

ከቤቷ እስከ ትልቁ መንገድ ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ መኪና አይገባም። ሬሳ ሳጥኑ ሲወጣ ጋሽ ሸምሱ ሰዉን ሰንጥቀው መጡና ከፊት በቀኝ በኩል ትከሻቸውን አስገቡ። የመዓዛ ወንድም "አባቴ፣ እርስዎ ይተዉት፣ ወጣቶች አሉ" አላቸው። የሰሙትም አይመስሉም። እኔ ከኋላቸው ያዝኩ።

ጥቂት እንደ ሄድን ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ "ምንም አትከብድም" አሉኝ።

ሊቀይሯቸው የሚመጡትን በዓይናቸው እየመለሱ፣ ራጉኤል በር ድረስ ትከሻቸውን አላነሱም።